«አፕስቴርስ» የምትባለው ቃል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን የሚጥላቸው ከባዱ ሰዋስው አይደለም፤ ለእሱማ ታጥቀው ነው የሚመጡት። የሚጥሏቸው «አውቃታለሁ» ብለው የሚያልፏቸው ትንንሽ ቃላት ናቸው። «አፕስቴርስ» አንዷ ናት። በመጀመሪያው ወር ትማሯታላችሁ፣ በአምስተኛው ዓመት ትሳሳቱባታላችሁ። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

ቃሏ በትክክል ምን ማለት ናት?

«ላይ» ማለት ናት። ግን የሕንጻ «ላይ»። ከቆማችሁበት ወይም ከምታወሩለት ወለል በላይ ያለውን ቦታ ሁሉ ታጠቃልላለች።

ቁጥር የላትም። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ለሚሠራ ሰው ስምንተኛውም፣ አሥራ አምስተኛውም «አፕስቴርስ» ነው። ምድር ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ ሰባተኛው ራሱ «አፕስቴርስ» ይሆናል። ባለ ሁለት ወለል ቤት ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይረጋል። ላይ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያው መኝታ ቤት ተጋድማችሁ «አይ አም አፕስቴርስ!» ብላችሁ መጮህ ትችላላችሁ።

እኔ ራሴ ይቺ ነገር የገባችኝ አፍሬ ነው። ወጣት ሳለሁ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና እንኳ ሳትል «ዜይ አር ዌይቲንግ ፎር ዩ አፕስቴርስ» አለችኝ። የክፍል ስም መሰለኝ። ደረጃው ሥር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቢሮዎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ፋይናንስ አለ። የሰው ኃይል አለ። የስብሰባ ክፍል አለ። «አፕስቴርስ» የሚባል ቢሮ የለም። ተመልሼ «የበሩ ቁጥር ስንት ነው?» ስላት ምንም ሳትናገር ጣቷን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረች። ሕንጻው ለካ ከምድሩ በላይ አንድ ወለል ብቻ ነው ያለው! ሥራውን አላገኘሁም፤ ቃሏን ግን አገኘኋት።

«ጎ ቱ አፕስቴርስ» ማለት ለምን ስህተት ይሆናል? በአማርኛ «ወደ ላይ ውጣ» እንል የለም እንዴ?

ጥፋቱ ያለው እዚችው «ወደ» ላይ ነው። በአማርኛ አቅጣጫውን የሚነግረን «ወደ» ነው። እንግሊዝኛው ግን «ወደ»ን ቃሏ ሆድ ውስጥ ከቶታል። «አፕስቴርስ» ስትሉ «ወደ ላይኛው ፎቅ» ብላችሁ ጨርሳችኋል። ከፊቷ «ቱ» ከጨመራችሁ «ወደ ወደ ላይ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ «ጎ አፕስቴርስ»፣ «ራን አፕስቴርስ»፣ «ኬሪ ኢት አፕስቴርስ» ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ «ላይ» ነው። «ፎቅ ላይ ነው» ስለምንል ብዙ ሰው «ሂ ኢዝ ኦን አፕስቴርስ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኢን» ወይም «አት» ያስገባል። ሦስቱም አይሠሩም። «ሂ ኢዝ አፕስቴርስ» ነው፣ አለቀ።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ዘዴ እንዲህ ነው። «ሆም»ን እንዴት እንደምትጠቀሙ አስቡ። «ጎ ሆም» ትላላችሁ እንጂ «ጎ ቱ ሆም» አትሉም። «ሂር»፣ «ዜር» እና «አብሮድ»ም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። «አፕስቴርስ»ን ከእነሱ ጋር አስቀምጧት።

ከፊቷ መስተዋድድ ጨርሶ አይገባም ማለት ግን አይደለም። «ፍሮም» ይገባል። «ኤ ኖይዝ ፍሮም አፕስቴርስ» ማለት «ከላይ የመጣ ድምፅ» ነው። ከኋላዋ ሌላ ስም ሲከተልም «ቱ» ትመለሳለች፤ «ቱ ዚ አፕስቴርስ ባዝሩም» ትክክል ነው። እዚያ ላይ «ቱ» የምታገለግለው መታጠቢያ ቤቱን ነው።

«አፕስቴርስ» እና «አፕ ዘ ስቴርስ» አንድ አይደሉም?

ይቀራረባሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። «አፕ ዘ ስቴርስ» መንገዱ ነው፤ እግር የሚረግጠው፣ እጅ መደገፊያ ያለው፣ የሚያለከልከው ደረጃ። «አፕስቴርስ» መድረሻው ነው።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሊፍት ሲኖር ነው። በሊፍት የወጣ ሰው «አይ ዌንት አፕስቴርስ» ቢል ማንም አይከራከረውም፤ አንድም ደረጃ ሳይረግጥ ላይ ደርሷል። «አይ ቱክ ዘ ሊፍት አፕ ዘ ስቴርስ» ካለ ግን ሊፍቱን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ያስመስለዋል።

መሀል ላይ መቅረትም ሌላ መለያ ነው። ሕፃን ልጅ ደረጃው እኩሌታ ላይ ቁጭ ብሎ አልንቀሳቀስም ቢል፣ «ሃፍዌይ አፕ ዘ ስቴርስ» ነው የሚባለው። ገና «አፕስቴርስ» አይደለም። «ዳውንስቴርስ»ም አይደለም። የትም አይደለም።

«አፕ» ብቻ ብልስ?

አንዳንዴ ያዋጣል። ላይ ያለ ሰው ታች ላለው «ካም አፕ» ቢለው ነገሩ ግልጽ ነው። «ሂ ኢዝ አፕ» ስትሉ ግን ተጠንቀቁ። በብዛት የሚሰማው «ተነስቷል፣ ነቅቷል» ተብሎ ነው። «ኢዝ ዩር ፋዘር አፕ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው አባታችሁ ፎቅ ላይ መሆናቸውን ሳይሆን ከእንቅልፍ መነሳታቸውን ነው የሚጠይቀው። አባታችሁ «አፕስቴርስ» ሆነው ገና «አፕ» ላይሆኑ ይችላሉ።

ስም ናት፣ ቅጽል ናት ወይስ ተውሳከ ግስ?

ሦስቱንም ትሆናለች፤ መልኳን ሳትቀይር። «ሺ ስሊፕስ አፕስቴርስ» ስንል ተውሳከ ግስ ናት። «አን አፕስቴርስ ዊንዶው» ስንል ቅጽል ናት። «ዚ አፕስቴርስ ኢዝ ኮልድ» ስንል ስም ናት፣ ላይኛው የቤቱ ክፍል በሙሉ። መጨረሻዋ ላይ «ስ» አለ ብላችሁ እንደ ብዙ ቁጥር «አር» እንዳትሰጧት፤ «ኢዝ» ነው።

ጎረቤትን በተመለከተ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። «ከእኛ በላይ ነው የምትኖረው» ለማለት «ሺ ሊቭዝ አፕስቴርስ ፍሮም አስ» ይባላል። «አፕስቴርስ ኦፍ አስ» አይባልም። ሌሊት ወንበር የሚጎትተው ሰውዬ ደግሞ «ዚ አፕስቴርስ ኔይበር» ነው። በየትኛውም አገር የሚኖር የአፓርታማ ነዋሪ ይህን ሐረግ የሚጠቀምበት ለምስጋና አይመስለኝም።

መጨረሻዋ ላይ ያለው «ስ» ለምን መጣ? አነባበቧስ?

«ስቴር» አንድ ደረጃ ነው፣ «ስቴርስ» ደረጃዎች። ወደ ላይ የሚያደርሱት ደረጃዎች ብዙ ስለሆኑ ቃሏ በብዙ ቁጥር ተሠራች፣ እዚያው ደነደነች። በአሮጌ ጽሑፎች ሁለት ቃል ሆና ተነጣጥላ ትገኛለች፤ ዛሬ አንድ ላይ ነው የምትጻፈው። ያለ «ስ» «አፕስቴር» የምትባል ቅጽልም ነበረች። አሁን ብትጠቀሙባት የተሳሳታችሁ ነው የሚመስለው።

አነባበብ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። መጨረሻዋ በጽሑፍ «ስ» ቢመስልም በድምፅ «ዝ» ነው። በአማርኛ የለመድነውን «አፕስቴርስ» እኔም እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ስትናገሩ ግን ወደ «አፕስቴርዝ» አስጠጓት። ብሪታንያዊው «ር»ን ይውጣታል፣ አሜሪካዊው ያንከባልላታል። ጫናው «ስቴርዝ» ላይ ነው የሚወድቀው። ከስም በፊት ስትመጣ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፊት ይሸሽና «አፕ» ላይ ያርፋል።

ስለ ሥሯ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ደስ ስለሚለኝ። «ስቴር» ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ «መውጣት» የሚል ነው። የጀርመንኛው «ሽታይገን»፣ ማለትም «ወጣ»፣ የሥጋ ዘመዱ ነው። ፈረስ ላይ ስንወጣ የምንረግጠው እርካብ በእንግሊዝኛ «ስቲረፕ» ይባላል፤ እሱም ከዚሁ ሥር ነው፣ ድሮ «የመውጫ ገመድ» ማለት ነበር። ደረጃና እርካብ ወንድማማች ናቸው ማለት ነው።

«ፈርስት ፍሎር» «አፕስቴርስ» ነው ወይስ አይደለም?

ማን እንደተናገረው ይወስነዋል። ብሪታንያዊ ከሆነ አዎ፤ እሱ ምድሩን «ግራውንድ ፍሎር» ብሎ ይተውና ቀጣዩን አንድ ብሎ ይቆጥራል። አሜሪካዊ ከሆነ አይደለም፤ ለእሱ «ፈርስት ፍሎር» ምድሩ ራሱ ነው። የአንዱ «ሰከንድ ፍሎር» የሌላው «ፈርስት ፍሎር» ነው። ቀጠሮ ሲይዙ መጠየቅ አያሳፍርም።

የአማርኛው «ፎቅ» አቆጣጠር ከብሪታንያው ጋር ይገጥማል፤ «ባለ አንድ ፎቅ» ስንል ምድሩን አንቆጥርም። አንድ ነገር ግን አለ። «ጂ ፕላስ ዋን» ብላችሁ ለለንደን ወይም ለኒውዮርክ ሰው ብትነግሩት ፍጥጥ ብሎ ሊያያችሁ ይችላል። በዕለት ተዕለት ንግግር እሱ «ቱ ስቶሪ ሃውስ» ነው የሚለው። ምድሩንም ይቆጥራል፣ ስለዚህ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። «አፕስቴርስ» ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናት። ለዚህም ነው እኔ የምወዳት።

ቤት ባልሆነ ነገር ላይ ትሠራለች?

ባለ ሁለት ደርብ አውቶቡስ ላይ በደንብ ትሠራለች። ለንደን ውስጥ «ሌትስ ሲት አፕስቴርስ» ማለት ላይኛው ደርብ ላይ እንቀመጥ ነው። አውሮፕላን ላይም ትሰማለች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ የበረረው ቦይንግ 747 ላይኛው ወለል ነበረው፣ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ ጠመዝማዛ ነበር።

መርከብ ላይ ግን አፋችሁን ያዙ። መርከበኛ «አፕስቴርስ» አይልም። ለእሱ ደረጃው ራሱ «ላደር» ነው፣ መሰላል። ተራራ፣ ዳገት፣ ዛፍ ላይም አትሠራም፤ ለእነዚያ «አፕ» ወይም «አፕሂል» አለ። ባጭሩ ወለል የሌለበት ቦታ «አፕስቴርስ» የለም።

«ኪክድ አፕስቴርስ» ሲባል ማን ነው የተመታው?

የተሾመው ሰውዬ ነው። ቃል በቃል «በእርግጫ ወደ ላይ ተወረወረ» ማለት ነው። አንድን ባለሥልጣን ከቦታው ማንሳት ተፈልጓል፣ ማባረር ግን ያስቸግራል፤ ስም አለው፣ ወዳጅ አለው፣ ወይም ብዙ ያውቃል። ስለዚህ ያሳድጉታል። ወንበሩ ይሰፋል፣ ማዕረጉ ይረዝማል፣ ስልኩ ግን መጮኹን ያቆማል። በአማርኛ «አማካሪ አደረጉት» ሲባል ሰው ፈገግ የሚለው ለዚሁ ነው።

አነጋገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1684 በእንግሊዙ ንጉሥ በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን የሮቸስተር መስፍን ሎውረንስ ሃይድ የግምጃ ቤቱ ቁንጮ ነበሩ። ከዚያ ተነስተው የንጉሡ አማካሪዎች ጉባኤ ፕሬዚዳንት ተደረጉ። ክብሩ ከፍ አለ፣ የገንዘቡ ቁልፍ ግን ከእጃቸው ወጣ። ባላንጣቸው የሃሊፋክሱ መስፍን ነገሩን ሲያዩ አሾፉ፤ ከደረጃ ወደ ታች በእርግጫ የተጣለ ሰው ብዙ እንደሰሙ፣ ወደ ላይ በእርግጫ የተጣለ ግን ገና አሁን ማየታቸው እንደሆነ ተናገሩ። ቀልዱ ሦስት መቶ ዓመት አልፎት አሁንም ይሠራል።

በኋላ በብሪታንያ ፖለቲካ አነጋገሩ ከታችኛው፣ ከኮመንስ ምክር ቤት ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ለሚዛወሩ ሰዎች ተለመደ። ሎርዶቹ «ላይኛው ምክር ቤት» ስለሚባሉ ነው። የሚያስቀው፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች አዳራሾች አንድ ወለል ላይ ፊት ለፊት ነው ያሉት። በመሀል ያሉት በሮች ሁሉ ቢከፈቱ ከሎርዶቹ ዙፋን እስከ አፈ ጉባኤው ወንበር ቀጥ ያለ መስመር ነው። አንድም ደረጃ ሳይወጡ ነው «አፕስቴርስ» የሚወረወሩት።

«አፕስቴርስ፣ ዳውንስቴርስ» የሚለውስ?

የጌቶችና የአሽከሮች ዓለም ማለት ነው። በድሮ የእንግሊዝ ሀብታሞች ቤት ወጥ ቤቱና የሠራተኞቹ መዋያ ከምድር በታች ነበር፤ ሳሎኑና የጌቶቹ መኝታ ደግሞ ከላይ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1975 በብሪታንያው የቴሌቪዥን ጣቢያ በአይቲቪ የታየው ተከታታይ ድራማ ይህንኑ ስም ይዞ ሐረጉን በዓለም ዙሪያ አዳረሰው። ታሪኩ የሚካሄደው ለንደን፣ ኢተን ፕሌስ ቁጥር 165 ነው።

ስሙ የማይናገረው ነገር አለ። ብዙዎቹ ገረዶች የሚተኙት ጣሪያው ሥር፣ ከጌቶቻቸውም በላይ ነበር። ንጋት ላይ ከአናት ወርደው፣ ከምድር ቤት ከሰልና ሙቅ ውሃ ተሸክመው ተመልሰው ይወጣሉ። በዚያ ላይ ጌቶቹ እንዳያዩዋቸው በጓሮ በኩል የራሳቸው ጠባብ ደረጃ ነበራቸው። ከቤቱ ሰው ሁሉ ደረጃውን አብዝተው የሚያውቁት «ዳውንስቴርስ» የተባሉት ናቸው።

ሕንጻ ሳይኖር «አፕስቴርስ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ብዙ ነገር። «ዘ ማን አፕስቴርስ» እግዚአብሔር ነው። እኛ «የላይኛው ያውቃል» እንደምንለው፣ ቀለል ባለ አንደበት። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዜይ ዲሳይድድ አፕስቴርስ» ከተባለ አለቆቹ ናቸው፤ «ከላይ የመጣ ነው» ብሎ ትከሻ መስበቅ እንግሊዝኛም ያውቅበታል።

«ኖት ማች አፕስቴርስ» ስድብ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ብዙ ነገር የለም ማለት ነው። ቦክስ ላይም «አፕስቴርስ» ጭንቅላት ነው፤ ተንታኙ «ሂ ዌንት አፕስቴርስ» ካለ ቡጢው ከሆድ ወደ ፊት ዞሯል። በቤዝቦል ከፍ ብላ የተወረወረች ኳስ በዚሁ ስም ትጠራለች። በአሜሪካ ፉትቦል ደግሞ አከራካሪ ውሳኔ «አፕስቴርስ» ይላካል፣ ምስሉን ደግሞ የሚያየው ዳኛ ስታዲየሙ አናት ላይ ባለች ክፍል ስለሚቀመጥ።

ከሁሉም ያልጠበቅኩት የአክሲዮን ገበያውን ነው። ብዙ አክሲዮን በአንድ ጊዜ የሚሸጥ ሰው ወደ መገበያያው አዳራሽ ይዞት ከገባ ዋጋው ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ ደላሎች ከአዳራሹ በላይ ባሉ ቢሮዎቻቸው ገዢ ፈልገው በድርድር ይጨርሱት ነበር። «አፕስቴርስ ማርኬት» የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ሥራው በስክሪን ሆኗል፤ ስሙ ግን አልወረደም።

ወደ አማርኛ ስተረጉም የትኛውን ቃል ልጠቀም?

ብዙ ጊዜ «ላይ» ወይም «ፎቅ ላይ» ይበቃል። «ልጆቹ ላይ ናቸው» ጥሩ አማርኛ ነው። ቦታው ካልገባ «ላይኛው ፎቅ» በሉ። «ላይ ቤት»ን በጥንቃቄ ተጠቀሙባት፤ ዳገቱ ላይ ያለ ሌላ ቤት ልትመስል ትችላለች። «ደርብ» እና «ሰገነት» ያማሩ ቃላት ናቸው፣ ግን ሽታቸው የመጽሐፍ ነው። የልጅ ልብስ «ሰገነት ላይ ነው» ብላችሁ ብትተረጉሙ አንባቢው ልብሱን ትቶ ሰገነቱን ያስባል። ደግሞም ሰገነት ለብዙ ሰው በረንዳ ነው።

በነገራችን ላይ «ፎቅ» ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ «በላይ» ብቻ ነው።

«ዳውንስቴርስ» ሁልጊዜ ተቃራኒዋ ናት?

ሕንጻ ውስጥ አዎ፣ ሕጉም ያው ነው፤ «ቱ» የለም፣ «ስ» አይወድቅም። አንድ ቦታ ላይ ግን ትለያያለች። ብሪታንያ ውስጥ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኤኒ ፕሮብለምስ ዳውንስቴርስ?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ስለ ምድር ቤታችሁ አይደለም። ከወገብ በታች ማለቱ ነው።